ልጆቹ ሰማዩን ራሳቸው ይለኩት፦ ስለ ግሪንሃውስ ኢፌክት ትምህርት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ የግሪንሃውስ ኢፌክት ትምህርት በተግባር ሙከራ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

በአንድ የደጋ ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው የማነሳው ነገር የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ ስላልሆነ ነው። በሥልጠና መዝጊያ ላይ በሚሰጥ የሦስት ደቂቃ አስተያየትም የሚያልቅ አይደለም።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ የተማረን ተማሪ ግሪንሃውስ ኢፌክት ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁት። ሳያመነታ ይመልሳል። የፀሐይ ብርሃን ወደ ምድር ይገባል፣ ምድር ትሞቃለች፣ ሙቀት አማቂ ጋዞች ወደ ውጭ የሚሄደውን ሙቀት ያስቀሩታል ይላችኋል። መልሱ ትክክል ነው፤ በፈተናም ነጥብ ያስገኛል። ቀጥላችሁ «በምን አወቅህ?» በሉት። ወይም ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ሆኖ ሳለ ሙቀቱን የሚይዘው 0.04 በመቶ ገደማ የሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለምን ሆነ በሉት። ብርሃንን ያለ ችግር ያሳለፈ አየር ሙቀትን ሲሆን ለምን ያግዳል? እዚህ ላይ ክፍሉ ዝም ይላል። ከጎበዞቹ አንዳንዱ የኦዞን ሽንቁርን ያነሳል፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ዝምታው የልጆቹ ድክመት አይደለም። ያላዩትንና ያልለኩትን ነገር በቃላችን ብቻ እንዲቀበሉ አድርገናቸዋል። ሳይንስን በእምነት የተቀበለ ልጅ ነገ በስልኩ ላይ ተቃራኒውን በልበ ሙሉነት የሚናገር ሰው ሲያገኝ ያንንም በእምነት ይቀበላል። መከላከያው አንድ ነው፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ ራሱ መለካት አለበት።

በብዙ አካባቢ ትምህርት ቤቶች በግጭት ምክንያት በተዘጉበት፣ ክፍት በሆኑትም አንድ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት ተማሪ በሚዳረስበት ጊዜ ስለ ቴርሞሜትር ማንሳት ቅንጦት የሚመስላቸው እንደሚኖሩ አውቃለሁ። የመምህሩ ደመወዝም፣ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣው ልጅም ከዓይኔ አይጠፉም። ነገር ግን የምጠይቀው ለአንድ ትምህርት ቤት ከአንድ የቢሮ ወንበር ዋጋ የሚበልጥ አይደለም። ሀገራችን ደግሞ በ2027 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32ን፣ አዲስ አበባ ላይ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቻችን በየክረምቱ በአረንጓዴ ዐሻራ ችግኝ ሲተክሉ ቆይተዋል። ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት የኢትዮጵያ ድርሻ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ድርቁና ጎርፉ ግን ደጃችን ደርሷል። ጉዳዩ የእኛ መሆኑን በየመድረኩ እንናገራለን። ችግኙን የሚተክለው ልጅ ግን ዛፉ ከአየር የሚወስደው ጋዝ በአየር ውስጥ እያለ ምን እንደሚሠራ አንድም ቀን በሙከራ አላየም።

የተግባር ትምህርት አስፈላጊነት በመመሪያዎቻችን ላይ ተደጋግሞ ተጽፏል፤ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም። የእኔ ጭንቀት ሙከራ እናድርግ ስንል የትኛውን ሙከራ ማለታችን ነው የሚለው ነው። በዚህ ርዕስ ላይ መጥፎ ሙከራ ከምንም ሙከራ የከፋ ሊሆን ይችላል።

አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያስበው የሁለት ጠርሙስ ሙከራን ነው። በአንዱ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተራ አየር ይኖራል፤ በሌላው ከኮምጣጤና ከቤኪንግ ሶዳ የተገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል። በየጠርሙሱ ቴርሞሜትር ገብቶ ሁለቱም ፀሐይ ላይ ወይም አምፖል ሥር ይቀመጣሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ጥቂት ዲግሪ ይበልጣል፤ መምህሩም «ይኸው ግሪንሃውስ ኢፌክት» ብሎ ይደመድማል። ሙከራው ርካሽ ነው፣ ልጆችንም ደስ ያሰኛል፣ በዓለም ዙሪያ በብዙ ትምህርት ቤቶች ይሠራል። ይሁን እንጂ ትክክለኛውን ውጤት የሚያሳየው በሌላ ምክንያት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፊዚክስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህን በጥንቃቄ መርምሮታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ከዕቃው ታች ይተኛል፣ ከላይ ካለው አየር ጋር እንደልቡ አይደባለቅም፣ የሞቀውም ጋዝ ተነሥቶ ሙቀቱን ይዞ አይሄድም። ተመራማሪዎቹ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ አርጎን ሲጠቀሙ ተመሳሳይ ጭማሪ አገኙ። አርጎን ደግሞ የሙቀት ጨረርን የማይውጥ ጋዝ ነው፤ ከባድ መሆኑ ብቻ በቂ ሆነ። ልጆቹ በጠርሙሱ ውስጥ በአብዛኛው የሚያዩት የአየር ዝውውር መታገዱን ነው ማለት ነው።

ይህን ሙከራ ጣሉት አልልም። እንዲያውም ሦስተኛ ጠርሙስ ተጨምሮበት ቢሠራ ከምወዳቸው ትምህርቶች አንዱ ይሆናል። አርጎን ብየዳ የሚያስተምር የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ባለበት ከተማ ጋዙን ለአንድ ክፍለ ጊዜ መለመን ይቻላል። ልጆቹ የአየሩን፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱንና የአርጎኑን ጠርሙስ ጎን ለጎን አድርገው ሲለኩ የመጀመሪያ ማብራሪያቸው እጃቸው ላይ ይፈርሳል። ለምን ሆነ ብለው ሲከራከሩ ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ምን ያህል እንደሚያሳስት ይገባቸዋል። ያንን ትምህርት ከየትኛውም መጽሐፍ አያገኙትም። ጋዙ የሚዘጋጅበት ጠርሙስ ብቻ በክዳን አይታሸግ፤ ይፈነዳል።

ግሪንሃውስ የሚለው ስም ስለሚያስታውሰን የዕፅዋት ማሳደጊያ ፕላስቲክ ቤትም እንዲሁ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የዝዋይ፣ የሆለታ፣ የሰበታና የቢሾፍቱ ልጆች የአበባ እርሻዎቹን ፕላስቲክ ቤቶች እያዩ ያደጉ ናቸው፤ መምህሩም እነሱን መጥቀሱ ተገቢ ነው። ነገር ግን እነዚያ ቤቶች የሚሞቁት በዋነኛነት የሞቀው አየር መውጫ ስለሚያጣ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ በ1909 እ.ኤ.አ. ይህን በሁለት ሣጥን አሳይቶታል። አንዱን በመስታወት፣ ሌላውን የሙቀት ጨረርን በሚያሳልፍ የድንጋይ ጨው ሸፈናቸው፤ ሁለቱም ተቀራራቢ ሙቀት ደረሱ። የምድር ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በምድርና በጠፈር መካከል ተነሥቶ የሚሄድ አየር የለም፤ ምድር ሙቀቷን ወደ ውጭ የምትልክበት መንገድ ጨረር ብቻ ነው። ሙቀት አማቂ ጋዞች የሚያጠቡትም ይህን ብቸኛ መንገድ ነው። ተማሪው በፕላስቲክ ቤትና በከባቢ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ከተረዳ ጉዳዩን ከብዙ አዋቂዎች በተሻለ ተረድቷል።

የዚህ ሳይንስ መነሻ ራሱ ለትምህርት ቤት የሚመጥን ነበር። በ1856 እ.ኤ.አ. ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት ሁለት የመስታወት ሲሊንደሮች፣ በየአንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቴርሞሜትሮችና አንድ የአየር ፓምፕ ይዛ የተለያዩ ጋዞችን ፀሐይ ላይ አስቀመጠች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ከሁሉ በልጦ እስከ 52 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሞቀ፣ ለመቀዝቀዝም ብዙ ቆየ። ከባቢ አየራችን ይህን ጋዝ በብዛት ቢይዝ ኖሮ ምድር በጣም ትሞቅ ነበር ብላ ጻፈች። ጽሑፏን በሳይንቲስቶች ጉባኤ ፊት ያነበበላት ወንድ ሳይንቲስት ነበር፤ ስሟም ከመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ቆየ። መሣሪያዋ የፀሐይን ቀጥተኛ ሙቀት ከምድር የሙቀት ጨረር ለይቶ ማሳየት አይችልም ነበር። ያንን የሠራው ከሦስት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቲንዳል ነው። በፈላ ውኃ የጋለ ብረት የሚልከውን ጨረር በጋዝ በተሞላ ቱቦ ውስጥ አሳልፎ ለካ። ናይትሮጅንና ኦክስጅን ጨረሩን ሳይነኩ ሲያሳልፉት የውኃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዋጡት። ክፍሉን ዝም ያሰኘው ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው፤ ጋዙ የሚሠራው በብዛቱ ሳይሆን ጨረሩን መዋጥ በመቻሉ ነው። የቲንዳል ቱቦ ጫፎች የተከደኑት በድንጋይ ጨው ነበር፤ መስታወት ጨረሩን ስለሚያግድ። በአፋር ምድር ያለው ጨው በጠባዩ ከዚያ ጋር አንድ ነው፣ ምንም እንኳ አሞሌው ደብዛዛ ስለሆነ እንደ መስኮት ባያገለግልም።

የዩኒስ ፉት ታሪክ በፊዚክስ መጽሐፋችን አንድ ገጽ ቢያገኝ ደስ ይለኛል። ሴት ተማሪዎቻችን ሊያውቋት ይገባል።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልምጣ። የኢትዮጵያ ደጋ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ስፍራ ነው፤ እስካሁን ግን አልተጠቀምንበትም። በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ በደብረ ብርሃን፣ በመንዝና በባሌ ደጋ ቀን ፀሐዩ ይበረታል፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ገበሬው ማታ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ሰማዩ ከጠራ፣ ነፋሱም ጸጥ ካለ ለእህሉ ይሰጋል፤ ደመና ከሸፈነው ግን ተረጋግቶ ይተኛል። ይህ እውቀት ግሪንሃውስ ኢፌክት ነው። ምድር ሌሊቱን ሙሉ የሙቀት ጨረር ወደ ላይ ትልካለች። ደመናና የውኃ ተን ያን ጨረር ይውጡና የራሳቸውን ጨረር መልሰው ወደ ታች ይልካሉ፤ መሬቱም ብዙ አይቀዘቅዝም። አየሩ ደረቅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ሲሆን ግን ወደ ታች የሚመለሰው ጥቂት ስለሆነ መሬቱ ሙቀቱን ያጣና ጤዛው በረዶ ሆኖ ያድራል። የገበሬ ልጅ ይህን ከአባቱ ሰምቷል። ክፍል ውስጥ የሚማረው ነገር ከዚያ ጋር አንድ መሆኑን የነገረው ግን የለም።

ሙከራው የሚፈልገው እኩል የሆኑ ሁለት የቲማቲም ጣሳዎች፣ ጥቁር ቀለም ወይም ጥላሸት፣ ጭድና ቴርሞሜትር ነው። ጣሳዎቹ ከውጭ ይጠቁራሉ፣ እኩል ውኃ ይደረግባቸዋል፣ ከመሬቱ ሙቀት እንዲለዩ ጭድ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ሜዳ ላይ ሰማይ እያየ ያድራል። ሌላው ከእሱ ጥቂት ርቀት ላይ፣ ዙሪያው ክፍት በሆነ ጠረጴዛ ሥር ያድራል። ሁለቱንም የሚነካቸው አንድ ዓይነት አየር ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ሰማይን ማየቱ፣ ሌላው አለማየቱ ብቻ ነው። ልጆች በጨለማ መውጣት የለባቸውም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያስቀምጣሉ፣ ጎሕ ሲቀድ ፀሐይ ሳትወጣ ያነባሉ። በጠራ ሌሊት ሜዳ ላይ ያደረው ውኃ በግልጽ ቀዝቅዞ ይገኛል፤ ብርዱ በበረታበት ቦታ ላዩ በረዶ ሊይዝ ይችላል። ይህንኑ ሙከራ ደመና ባለበት ሌሊት ሲደግሙት በሁለቱ ጣሳዎች መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። ምክንያቱ ደመናው ራሱ የጠረጴዛውን ሥራ መሥራቱ ነው። ነፋስ ካለ ውጤቱ ይደበዝዛል፤ ልጆቹ ያንንም ይጻፉት፣ ለምን እንደሆነም ይከራከሩበት። ለዚህ ሙከራ መብራት አያስፈልግም፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ የቤተ ሙከራ ክፍልም አያስፈልግም።

ቆላ ላይ ያሉ ትምህርት ቤቶች ውርጭ ባያገኙም ይህን ሙከራ ከመሥራት የሚያግዳቸው የለም። በደረቅና በጠራ ሌሊት ሜዳ ላይ ያደረ ውኃ እዚያም ይቀዘቅዛል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የቁጥር ሥራ አለ። በአዲስ አበባ በሐምሌ የቀኑ ከፍተኛና የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ልዩነት 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በታኅሣሥ ወደ 15 ዲግሪ ይሰፋል። ተማሪው የራሱን ከተማ የወራት አሐዝ ይዞ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ቢስለው ደመናው በክረምት ሁለት ሥራ እንደሚሠራ ያያል። ቀን የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል፣ ሌሊት የምድርን ሙቀት ወደ ታች ይመልሳል። እነዚህን ሁለት ሥራዎች መለየት የቻለ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስለ አየር ንብረት በሚደረግ ማንኛውም ውይይት ላይ ሊቀመጥ ይችላል። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአካባቢው ያሉትን ጣቢያዎች ለተማሪዎች ጉብኝት ቢከፍትና የወር አማካይ መዝገቡን ለትምህርት ቤቶች ቢሰጥ ምንኛ በጠቀመን!

ሁለተኛው የምለምንበት ሙከራ በኮሮና ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየባንኩና በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ግንባራችንን ይለኩበት የነበረውን ሳይነካ የሚለካ ቴርሞሜትር ይጠቀማል። ብዙዎቹ ዛሬ በየመጋዘኑ ተቀምጠዋል። መሣሪያው የሚያነበው ዓይን የማያየውን የሙቀት ጨረር፣ ኢንፍራሬድን ነው። ብዙዎቹ የዕቃን ሙቀት የሚለኩበት ሁኔታም አላቸው። ትኩስ ውኃ የሞላ ጀበና አስቀምጡና አነጣጥሩበት፤ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል። ጀበና ያልኩት በምክንያት ነው፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ማንቆርቆሪያ የሙቀት ጨረር የሚልከው በጥቂቱ ስለሆነ መሣሪያውን ያሳስታል፣ ሸክላ ግን በደንብ ይልካል። አሁን በመሣሪያውና በጀበናው መካከል የመስኮት መስታወት ያዙ። ዓይናችሁ ጀበናውን እንደበፊቱ ያያል፤ ቁጥሩ ግን ወርዶ የመስታወቱን ሙቀት ያነባል። መስታወቱን አንሥታችሁ ስስ ፌስታል ወጥራችሁ ያዙ፤ ቁጥሩ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ይቀርባል።

በዚህች ደቂቃ ልጆቹ ትልቁን ሐሳብ ይይዙታል። አንድ ነገር ለብርሃን ክፍት ሆኖ ለሙቀት ጨረር ዝግ ሊሆን ይችላል። ሌላው ነገር ለሁለቱም ክፍት ሊሆን ይችላል። ይህን በዓይኑ ላየ ልጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ መስታወቱ፣ ናይትሮጅን እንደ ፌስታሉ ነው ብሎ መንገር ይበቃል። አበባ እርሻዎቹ ያሉበት ከተማ መምህር ደግሞ አንድ ጥያቄ ሊጨምር ይችላል። ፕላስቲክ የሙቀት ጨረርን ያን ያህል የሚያሳልፍ ከሆነ ፕላስቲክ ቤቱ ለምን ይሞቃል? ልጆቹ ራሳቸው ወደ ዉድ መልስ ይደርሳሉ።

መሣሪያውን ይዞ ወደ ሜዳ መውጣትም ይቻላል። በጠራ ሰማይ ላይ ሲያነጣጥሩት ንባቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የግንባር መለኪያው ዓይነት ከአቅሙ በታች መሆኑን በምልክት ያሳያል። ዝቅ ያለ ወፍራም ደመና ሲመጣ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ወደ ታች የሚመጣው የሙቀት ጨረር ይህ ነው፤ ሰማይ ራሱ ያሞቀናል። ወደ ፀሐይ ግን ፈጽሞ አይነጣጠር፤ የሌዘር ነጥብ ያለው መሣሪያም ከልጆች ዓይን ይራቅ።

እዚህ ላይ ለመምህሩ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። ይህ ዓይነት ቴርሞሜትር የተሠራው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ ተን ብዙ የማይውጡትን የጨረር ክፍል እንዲያነብ ነው፤ ከሩቅ በትክክል መለካት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የሚያሳየን በዋነኛነት የደመናውን ሥራ እንጂ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን አይደለም። «በዚህ መሣሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለካን» የሚል መምህር የጠርሙሱን ስሕተት በሌላ መልክ ይደግማል። የጋዙን ሥራ በቀጥታ የሚያሳይ ሙከራ አለ፤ ለዚያ ግን ልዩ ማጣሪያ ያለው የኢንፍራሬድ ካሜራ ያስፈልጋል። ከካሜራው ፊት ሻማ ይበራል፣ በመካከላቸው ባለው ቱቦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባ የሻማው ነበልባል ከካሜራው ምስል ላይ ይጠፋል፤ በዓይን ግን እንደበፊቱ ይታያል። ይህን መሣሪያ ለየትምህርት ቤቱ ግዙ አልልም። በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተከፈቱት የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከላት አንድ ጊዜ በጥሩ ሁኔታ ቀርጸው፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎችም የትምህርት ቋንቋዎች አስረድተው ቢያሠራጩት ይበቃል።

ስለ ቪዲዮ ካነሣሁ አንድ ነገር ልበል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ብዙ ሙከራ በስክሪን አይተናል። ሥዕሉ ግሩም ነበር፤ ነገር ግን ከቲቪው ጋር መሮጥ ያልቻለ ልጅ ቆሞ የሚጠይቅበት ጊዜ አልነበረውም። ቪዲዮ ልጆቹ ጣሳውንና ጀበናውን ከለኩ በኋላ ሲመጣ ያገለግላል፤ ቀድሞ ከመጣ ግን መለኪያውን ከእጃቸው ይነጥቃቸዋል።

ከለኩም በኋላ ትልልቆቹ ቁጥሮች ትርጉም ያገኛሉ። የምድር አማካይ ሙቀት 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ሙቀት አማቂ ጋዞችና ደመናዎች ሙቀቱን ባያስቀሩ ኖሮ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ይሆን ነበር። ጋዞቹ ጠላቶች አይደሉም፣ ሕይወትን ያቆዩ ናቸው፤ ችግሩ መጠናቸው መብዛቱ ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከሚሊዮን የአየር ክፍል 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. በሐዋይ በማውና ሎአ ተራራ ላይ ተከታታይ ልኬት ሲጀመር 315 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። የዚህን ልኬት የየወሩን አሐዝ በእጁ የሳለ ተማሪ መስመሩ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ እያለ እንደሚወጣ ያያል። ዝቅ የሚለው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዕፅዋት በሚለመልሙበት ወቅት ነው። ችግኝ ተካዩ ልጅ የዛፍን ሥራ በቁጥር የሚያገኘው እዚህ ነው።

እንግዲህ ከእናንተ የምጠይቀውን ልንገራችሁ። ለየትምህርት ቤቱ ጥቂት ቴርሞሜትሮች ይድረሱ፤ ቀይ አልኮል ያለባቸው ወይም ዲጂታል ይሁኑ፣ ሜርኩሪ ያለበት ለልጅ አይሰጥ። ሳይነካ የሚለካው ቴርሞሜትር ለየትምህርት ቤቱ ካልተቻለ ለጉድኝት ማዕከሉ አንድ ይበቃል፤ በየመጋዘኑ ያሉትን ቆጥሮ ማከፋፈልም ግዥ አይጠይቅም። ከዕቃው ይልቅ የሚያሳስበኝ መመሪያው ነው። መመሪያው አጭር፣ በትምህርት ቋንቋው የተጻፈ ይሁን፤ እያንዳንዱ ሙከራ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ በግልጽ ይናገር። የክረምት ሥልጠና ላይ መምህራኑ ስላይድ ከሚያዩ ይልቅ ራሳቸው ጣሳ ያጥቁሩ፣ ራሳቸው ይለኩ።

ጊዜም ስጡን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ ሁሉም ሩጫ ወደ ጥያቄ ልምምድ ሆኗል። ርዕሰ መምህሩ ፖርሽን አልቋል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ሱፐርቫይዘሩም እንዲሁ። አንድ መምህር ለዚህ ሙከራ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሲያውል ወደኋላ ቀርቷል ይባላል። የሙከራ ሥራ በተከታታይ ምዘና ውስጥ የታወቀ ነጥብ እንዲኖረው፣ ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎችም በዓመቱ ዕቅድ ላይ በግልጽ እንዲጻፉ አጥብቄ እጠይቃለሁ። በብሔራዊ ፈተናም ትርጓሜ ከሚጠይቁት ይልቅ የሁለት ጣሳ ንባብ ሰጥተው «የትኛው ሜዳ ላይ ያደረ ነው? ለምን?» የሚሉ ጥያቄዎች ይምጡ። መምህሩ የሚያስተምረው በሚፈተነው ልክ ነውና፣ ፈተናው ከተለወጠ ክፍሉም ይለወጣል።

ሪፖርት ግን አታብዙብን። ልጆቹ የለኩበት ደብተር ራሱ ሪፖርት ይሁን፤ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ እሱን ገልጦ ይይ።

ውርጩ በጥቅምት ይጀምራል። ቴርሞሜትሩና መመሪያው እስከ መስከረም አጋማሽ ወረዳ ላይ ከደረሱ የዚህ ዓመት ተማሪዎች ይጠቀሙበታል። በጥር ከደረሱ ጥርት ያሉት የደጋ ሌሊቶች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ የ12ኛ ክፍሎቹም ሳይለኩ ይወጣሉ።

ከአክብሮት ጋር
የፊዚክስ መምህር

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት
በየዩኒቨርሲቲው ለሚገኙ የስቴም ማዕከላት
ለሳይንስ መምህራን ሁሉ